ሴሚናሪ ልትገቡ ካሰባችሁ ከማመልከቻው በፊት ክሬዲቱን ጠይቁ

ሰላም ወገኖች። "አሜሪካ ሴሚናሪ መማር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?" የሚለኝ ሰው በጣም በዝቷል፣ ግማሹ እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እየሰራ በጎን ሊማር ያሰበ ነው፣ ግማሹ ደሞ አዲስ አበባ ሆኖ ነው፣ ለእያንዳንዱ ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉ ከማወራ አንዴ ልጻፈው አልኩ። እኔ ኤም ዲቭ የሚባለውን የመጋቢነት ማስተርስ ዲግሪ የጨረስኩት ማታ ማታ እየሰራሁ በስድስት አመት ነው፣ ሶስት አመት ይፈጃል የሚባለውን ማለት ነው። ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ አመት በራሴ ስህተት የባከነ ስለሆነ እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

ሁሉም ሰው የሚጨነቀው "ይቀበሉኝ ይሆን?" ብሎ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ካላችሁና ቤተክርስቲያናችሁ ካወቀቻችሁ የሚቀበላችሁ አታጡም፣ ብዙ ሴሚናሪ ዛሬ ተማሪ ፈላጊ ነው። የሚያስለቅሰው ከገባችሁ በኋላ "ያ የተማርከው እኛ ጋ አይቆጠርም" ሲሏችሁ ነው። እኔ ሴሚናሪ ሳልገባ በፊት እዚሁ አገር አንድ የማታ ባይብል ኢንስቲትዩት ሁለት አመት ተምሬ ነበር፣ አስር ኮርስ፣ መምህራኑም ጥሩ ነበሩ፣ ብሉይ ኪዳን ዳሰሳ፣ ሆሚሌቲክስ (የስብከት ትምህርት)፣ የቤተክርስቲያን ታሪክ፣ ምናምን። ሰርተፍኬቱን ይዤ ሬጅስትራሯ ፊት ስቀርብ አየችውና በትህትና "በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ትምህርት ቤቱ አክሬዲትድ አይደለም" አለችኝ፣ እውቅና የለውም ማለቷ ነው። አስር ኮርስ ዜሮ ሆነ። ስለዚ የመጀመሪያው ስራ ማመልከቻ መሙላት ሳይሆን ማን ምን እንደሚቆጥርላችሁ ማወቅ ነው።

አክሬዲቴሽን እንዴት እንደሚታይ እንጀምር። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ለድህረ ምረቃ ሴሚናሪ ዋናው እውቅና ሰጪ ኤ ቲ ኤስ የሚባለው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማህበር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ያለ፣ ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም አባል የሆነበት። ከሱ ሌላ ትራክስና ኤ ቢ ኤች ኢ የሚባሉም አሉ፣ እነሱም በአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የታወቁ ናቸው፣ ግን አንዱ ሴሚናሪ የሌላውን ክሬዲት ለመቀበል ሲያመነታ ታያላችሁ፣ በተለይ የኤ ቲ ኤሱ። የትምህርት ቤቱን ዌብሳይት ብቻ አትመኑ። የትምህርት ሚኒስቴሩ ወይም ቺያ የሚባለው ድርጅት ዳታቤዝ ላይ ስሙን ጻፉና ፈልጉ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። "ኢንተርናሽናሊ አክሬዲትድ" ብሎ የማን እንደሆነ የማይናገር ካለ እለፉት በቃ። በነገራችን ላይ ሆቴል አዳራሽ ጋውን አልብሶ በአንድ ከሰዓት "ዶክተር" አድርጎ የሚያስወጣ ስንት አለ መሰላችሁ፣ እሱን ትራንስክሪፕት ብላችሁ ለሬጅስትራር እንዳትልኩ፣ ራሳችሁን ነው የምታሳፍሩት።

"እኔ አገልጋይ ነኝ፣ ወረቀት ምን ያደርግልኛል" የሚል ሰው ደሞ አለ። መብቱ ነው። ግን ነገ ቻፕሊን፣ ማለትም የጦር ሰራዊት ወይም የሆስፒታል መንፈሳዊ አገልጋይ፣ ልሁን ብትሉስ? የአሜሪካ ጦር ሰራዊት ቻፕሊን ለመሆን 120 ክሬዲት ያለው ባችለርና ቢያንስ 72 የሴሚስተር ክሬዲት ያለው የድህረ ምረቃ የነገረ መለኮት ዲግሪ እውቅና ካለው ትምህርት ቤት ይጠይቃል። ሆስፒታሎችም ያው ዲግሪና ሲ ፒ ኢ የሚባለውን በሽተኞችን በመንፈሳዊ መንገድ የመደገፍ ልምምድ ይጠይቃሉ፣ የሱ አንድ ዩኒት ቢያንስ 400 ሰዓት ነው። ብዙ ሴሚናሪ ሲ ፒ ኢን እንደ ኮርስ ቆጥሮ ክሬዲት ይሰጣል፣ ስለዚ ሆስፒታል አካባቢ የምትሰሩ ካላችሁ ይሄን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዲግሪዎቹ። ኤም ዲቭ ማለት የመጋቢነት ዋናው ዲግሪ ነው፣ ኤ ቲ ኤስ ዝቅተኛው 72 የሴሚስተር ክሬዲት ነው ይላል፣ ብዙ ቦታ ከዛ ይበልጣል። ድሮ ቢ ዲ (ባችለር ኦፍ ዲቪኒቲ) ነበር ስሙ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1966 ሚኒሶታ ሴንት ፖል ከሉተር ሴሚናሪ የተመረቁት በሱ ነው፣ ስለዚ የድሮ አባቶች ወረቀት ላይ "ባችለር" የሚል ብታዩ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዳይመስላችሁ። ኤም ኤው አጠር ያለ ነው፣ ዝቅተኛው 36 ክሬዲት። ቲ ኤች ኤም (ማስተር ኦፍ ቲዮሎጂ) ላይ ተጠንቀቁ፣ አብዛኛው ቦታ ከኤም ዲቭ በኋላ የሚወሰድ የአንድ አመት ዲግሪ ነው፣ ዳላስ ሴሚናሪ ግን ቲ ኤች ኤም የሚለው የአራት አመቱን ዋናውን ዲግሪ ነው። ዲ ሚን (ዶክተር ኦፍ ሚኒስትሪ) ደሞ ኤም ዲቭ ወይም እኩያው ኖሯችሁ በአገልግሎት የተወሰነ አመት ለቆያችሁ ነው፣ ፒ ኤች ዲ አይደለም፣ "ዶክተር" ግን ያስብላል።

ክሬዲት ማለት ራሱ ምንድነው? በፌደራሉ ትርጉም አንድ የሴሚስተር ክሬዲት ማለት ለአስራ አምስት ሳምንት ያህል በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥና ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጪ ስራ ነው። ስለዚ ሶስት ክሬዲት ያለው ኮርስ በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ይበላል። ሁለት ኮርስ ከያዛችሁ አስራ ስምንት ሰዓት ነው። ይሄን የምላችሁ ኡበር ወይም ሁለት ስራ እየሰራችሁ "አራት ኮርስ እይዛለሁ" እንዳትሉ ነው፣ እኔ ብዬ አይቼዋለሁ፣ ሁለቱን በደብሊው፣ ማለትም አቋርጬ፣ ወጣሁ፣ ብሩ አልተመለሰም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ሴሚስተርና ኳርተር (ከሴሚስተር አጠር ያለው የትምህርት ወቅት) ነው። ዳላስ ለቲ ኤች ኤሙ ለብዙ አመት ሲጠይቅ የኖረው 120 ነው፣ ካሊፎርኒያ ያለው ፉለርም ለኤም ዲቩ 120 ይላል፣ እኩል ይመስላሉ አይደል? አይደሉም። የዳላሱ የሴሚስተር ነው፣ የፉለሩ የኳርተር ነው። ኳርተርን ወደ ሴሚስተር ለመቀየር በሁለት ሶስተኛ ታባዛላችሁ፣ ስለዚ የፉለሩ 120 ማለት 80 የሴሚስተር ክሬዲት ነው። ዋጋም ስታወዳድሩ "ፐር ክሬዲት ስንት ነው" ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ የየትኛው ክሬዲት የሚለውን ጨምሩበት። ከኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት ያላችሁ ደሞ ኢ ሲ ቲ ኤስ (የአውሮፓው ክሬዲት አቆጣጠር) ነው ወይስ ክሬዲት አወር የሚለውን እዩ። ኢ ሲ ቲ ኤስ ከሆነ በተለምዶ ሁለቱ አንድ የአሜሪካ ክሬዲት ነው፣ በአመት 60 ኢ ሲ ቲ ኤስ የወሰደ ሰው 30 ክሬዲት ማለት ነው። "እኔ እኮ ሰማንያ አለኝ" ብላችሁ ሄዳችሁ አርባ ሲሏችሁ እንዳትደነግጡ።

ማመልከቻው ላይ የሚጠየቀው ነገር ያው ይመሳሰላል። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በማንኛውም ትምህርት፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግም ሆነ አካውንቲንግ ችግር የለውም። ውጤት ብዙ ቦታ 2.5 አካባቢ ነው የሚፈልጉት፣ አንዳንዱ 3.0። ሪኮመንዴሽን ሌተር ሁለት ወይም ሶስት፣ አንዱ ከመጋቢያችሁ አንዱ ካስተማራችሁ ሰው። የድነትና የጥሪ ምስክርነታችሁን የምትጽፉበት ድርሰት። አንዳንድ ቦታ የእምነት መግለጫቸውን አንብባችሁ መፈረም አለ፣ እሱን ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ልሳን፣ ስለ ሴቶች አገልግሎት የሚለው ከናንተ ጋር የማይሄድ ሊሆን ይችላል፣ ከገባችሁ በኋላ ከምትጣሉ አሁን እወቁት። ጂ አር ኢ የሚባለው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለኤም ዲቭ አብዛኛው ቦታ አይጠየቅም። የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ቶፍል ወይም አይልትስ፣ ብዙዎች ዱዎሊንጎም ይቀበላሉ፣ ባችለራችሁን አሜሪካ የሰራችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይተውላችኋል።

ስለ ድርሰቱ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሰዎች ምስክርነት ስንጽፍ እንደ መድረክ ነው የምንጽፈው፣ "ጌታ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠራኝ፣ በብዙ መከራ አሳለፈኝ" እያልን ሁለት ገጽ እንሞላለን። አንባቢው ግን ማወቅ የሚፈልገው ምን አገለገላችሁ፣ ለስንት ጊዜ፣ ለምን እነሱ ትምህርት ቤት፣ ስትጨርሱ የት ልትሄዱ ነው የሚለውን ነው። የሰንበት ትምህርት ሰባት አመት ካስተማራችሁ ሰባት አመት በሉ። የመጋቢያችሁንም ደብዳቤ እናንተ ጽፋችሁ አስፈርማችሁ አትላኩ፣ አሁን ሁሉም በኢሜይል ሊንክ ነው የሚላከው፣ መጋቢው ራሱ ነው የሚሞላው። ሽማግሌ መጋቢ ከሆኑ ቁጭ ብላችሁ ኮምፒውተሩን ክፈቱላቸውና መልሱን ግን እሳቸው ይበሉት።

ከኢትዮጵያ ወረቀት የምታስመጡ፣ እዚህ ጋ ቶሎ ጀምሩ፣ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ። ስቱደንት ኮፒ አይሰራም፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በቀጥታ ለሴሚናሪው ወይም ለገምጋሚው ድርጅት መላክ አለበት፣ ደብሊው ኢ ኤስ ወይም ኢ ሲ ኢ የሚባሉት ናቸው የታወቁት። የመንግስት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሸሪንጉን ካልከፈለ ኦርጅናሉን አያገኝም፣ ቴምፖ ይዞ አስር አመት የኖረ ስንት ሰው አውቃለሁ፣ እሱን ጨርሱ መጀመሪያ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ኮሌጁም ፕሮግራሙም በወቅቱ ፈቃድ የነበረው መሆኑን ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ማረጋገጫ ያዙ። ደሞ ስም! ፓስፖርት ላይ በአንድ ፊደል፣ ትራንስክሪፕት ላይ በሌላ ፊደል የተጻፈ ከሆነ፣ ወይ አያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ፣ ከሁለት ሰው የመጣ ፋይል ነው የሚመስላቸው። አንድ አጭር ማብራሪያ ደብዳቤ አያይዙበት። የተመረቃችሁበት አመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ እሱንም አንድ አይነት አድርጉት።

ባችለር የሌላችሁ፣ ለምሳሌ አስር ሲደመር ሶስት ዲፕሎማ ያላችሁ፣ ወይም ሃያ አመት ያገለገላችሁ መጋቢዎች፣ ጭራሽ በሩ አልተዘጋም። ኤ ቲ ኤስ አባል ትምህርት ቤቶች ባችለር ሳይኖር በልዩ ሁኔታ ጥቂት ሰው እንዲቀበሉ ይፈቅዳል፣ የድህረ ምረቃ ስራ መስራት እንደምትችሉ በማስረጃ ካሳያችሁ፣ ማለትም ጽሁፍ፣ ያነበባችሁት፣ የአገልግሎት ታሪክ። ሁሉም ትምህርት ቤት አያደርገውም፣ ጠይቁ። ግን በዚህ መንገድ የገባ ሰው ቅድም ያልኩት የጦር ቻፕሊንነት እንደማይሆንለት ይወቅ፣ ባችለሩን ይጠይቃሉና፣ ፒ ኤች ዲም ይከብዳል። ውጤታችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ደሞ በፕሮቤሽን ሊቀበሏችሁ ይችላሉ፣ የመጀመሪያው ተርም ኮርስ ቀነስ አድርጋችሁ፣ የተወሰነ ውጤት ካመጣችሁ መደበኛ ትሆናላችሁ። አያሳፍርም። 

አሁን ወደ ዋናው፣ ትራንስፈር። ድህረ ምረቃ ለድህረ ምረቃ ነው የሚዛወረው። መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ወይም ቅድስት ሥላሴ ባችለር የሰራ ሰው ያ ትምህርቱ የመግቢያ ዲግሪ ሆኖ ያገለግለዋል እንጂ ኮርሶቹ ወደ ኤም ዲቭ አይዛወሩም፣ እርከናቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ስለሆነ። አዲስ አበባ ኢጂኤስቲ በሚባለው የድህረ ምረቃ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በማስተርስ ደረጃ የተማረ ሰው ግን ሊጠይቅ ይችላል። የአፍሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝን አክቲያ የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚሰራ ድርጅት አለ፣ ትምህርት ቤታችሁ በሱ የታወቀ ከሆነ ማመልከቻው ላይ ጥቀሱት፣ ብዙ የአሜሪካ ሬጅስትራር እናንተ ካልነገራችሁት አያውቀውም። ከዛ የሚታየው ውጤት ነው፣ አንዳንዱ ቢ ማይነስ፣ አንዳንዱ ሲ፣ ከዛ በታች አይቆጠርም። እድሜውም ይታያል፣ አስር አመት ያለፈው ኮርስ ብዙ ቦታ ይወድቃል። በተለምዶ ከዲግሪው ግማሽ በላይ በትራንስፈር አይሞላም፣ ያ ክሬዲት ዲግሪ የወሰዳችሁበት ከሆነ ደሞ ከዛ ዲግሪ ግማሹን ብቻ ነው የሚያነሱላችሁ። የተዛወረው ኮርስ ክሬዲቱ እንጂ ውጤቱ አይገባም፣ እዛ ሁሉንም ኤ ብታመጡም ጂፒኤአችሁ እዚህ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ሲለበሳችሁን፣ ማለትም የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ ወረቀት፣ አትጣሉ! ይሄን ሶስት ጊዜ ብጽፈው ደስ ይለኛል። ሬጅስትራሩ "የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን ታሪክ" የሚል ኮርስ ስም አይቶ ምን እንደሆነ ሊገባው አይችልም፣ ስንት ገጽ አነበባችሁ፣ ምን ጻፋችሁ፣ ስንት ሰዓት ነበር የሚለውን ከሲለበሱ ነው የሚያየው። በአማርኛ ከሆነ አስተርጉሙት። አንድ የማውቀው ወንድም ስድስት ኮርስ አስቆጥሮ የገባው አሮጌ ሲለበሶቹን በፋይል ይዞ ስለነበረ ነው፣ አብሮት የተማረው ጓደኛው ሲለበስ ስላልነበረው ሁለት ብቻ ተቆጠረለት፣ ትምህርቱ አንድ አይነት ነበር።

አድቫንስድ ስታንዲንግ የሚባለው ደሞ ትራንስፈር አይደለም፣ በባችለር ደረጃ ያወቃችሁትን ፈትነው ወይም አይተው የሚሰጡት ነው። ነገረ መለኮት ባችለር ላላችሁ የናንተ በር ይሄ ነው። ሁለት አይነት አለ፣ አንደኛው ክሬዲቱን ራሱ ይሰጣችኋል፣ ዲግሪው ያጥራል፣ በተለምዶ እስከ ሩብ ድረስ፣ ከ72 ላይ 18 ማለት ነው። ሁለተኛው ኮርሱን ያስቀርላችሁና በምትኩ ሌላ ኮርስ ውሰዱ ይላችኋል፣ ብር አይቀንስም፣ ከተማራችሁት በላይ ትማራላችሁ እንጂ። "አድቫንስድ ስታንዲንግ ሰጥተውኛል" ብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት "ዊዝ ክሬዲት ነው ወይስ ዊዝአውት?" በሉ። በሺህ የሚቆጠር ዶላር ልዩነት ነው።

እዚህ ጋ ስለ ዕብራይስጥ አንድ ነገር። ግሪክና ዕብራይስጥ ለማስቀረት የሚሰጥ ፈተና አለ፣ ሳትሞክሩት አትለፉ። የኛ ሰው ዕብራይስጥ ላይ ከፈረንጆቹ ይቀላል፣ ቤት "ባይት" ነው፣ ዓይን "አይን" ነው፣ ስም "ሼም" ነው፣ ግስ የሚረባበትም መንገድ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደለም። አበገደ የቆጠረ ዲያቆን ካለ ደሞ የፊደሉ ቅደም ተከተል በእጁ ነው፣ መዝሙረ ዳዊት ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ አይደል የሚሄደው። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ሲያለቅስ እኔና አንድ ኤርትራዊ ወንድም ነበርን የሳቅነው። ግሪክ ላይ ግን አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

ኦርቶዶክስ የሆናችሁ፣ ኒውዮርክ ዮንከርስ ያለው ቅዱስ ቭላዲሚር ሴሚናሪ የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናትን ተማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲያስተምር የኖረ ነው፣ አቡነ ጳውሎስም እዛ ተምረው ከዛ ነው ወደ ፕሪንስተን የሄዱት። የአብነት ትምህርት፣ ቅኔም ይሁን አቋቋም፣ በክሬዲት አይቆጠርም፣ ያሳዝናል፣ የአስር አመት ትምህርት ነው። ግን ድርሰታችሁ ውስጥ ምን እንደሆነና ስንት አመት እንደፈጀ በዝርዝር ጻፉት፣ ለቅበላውም ለስኮላርሺፑም ሚዛን ይደፋል።

ከኢትዮጵያ ለምትመጡ ቪዛው ሌላ ታሪክ ነው፣ በአጭሩ ልበል። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ፕሮግራም አይ ትዌንቲ የሚባለውን ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልግ የትምህርት ቤት ወረቀት አያሰጥም፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ ተማሩት፣ ርካሽም ነው። ኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ከሆነ በየተርሙ ፉል ታይም መሆን አለባችሁ፣ ማስተርስ ላይ ብዙ ቦታ 9 ክሬዲት ነው፣ ከሱ ውስጥ ኦንላይን የሚቆጠረው አንድ ኮርስ ወይም ሶስት ክሬዲት ብቻ ነው። የሚቀርላችሁ ኮርስ ወይም የሚዛወርላችሁ ክሬዲት በዝቶ የመጨረሻው ተርም ላይ ዘጠኝ መሙላት እንዳያቅታችሁ ከኢንተርናሽናል ኦፊሱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሴቪስ የሚባለው የተማሪ ምዝገባ ክፍያ 350 ዶላር ነው፣ የቪዛ ማመልከቻው 185። ኑሮና ትምህርቱን ማን እንደሚከፍል የባንክ ወረቀት ሳታሳዩ አይ ትዌንቲው አይወጣም፣ "ጌታ ያዘጋጃል" ብሎ ለኮንሱላሩ የነገረ ሰው አውቃለሁ፣ ተመለሰ።

እዚህ ያላችሁ ደሞ፣ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግስት እርዳታ ባችለር ላይ ያበቃል፣ ለማስተርስ የሚሰጣችሁ ብድር ነው። ከሴሚናሪው ስኮላርሺፕ፣ ከዲኖሚኔሽናችሁ ድጋፍ፣ ከቤተክርስቲያናችሁ ደሞ ተርም በተርም የሚከፍል እጅ ፈልጉ። ብዙ ሴሚናሪ "ቤተክርስቲያንህ ይሄን ያህል ከከፈለች እኛም እንጨምራለን" የሚል ፕሮግራም አለው፣ ሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡ።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዲግሪ ሳታመለክቱ በልዩ ተማሪነት አንድ ሁለት ኮርስ መውሰድ ይቻላል፣ ቅጹ አጭር ነው፣ በኋላ ዲግሪ ውስጥ ስትገቡ ይቆጠራል፣ ግን ጣሪያ አለው፣ ስንት ክሬዲት ድረስ እንደሆነ ጠይቁ። ኦዲት፣ ማለትም ያለ ክሬዲት ገብቶ መከታተል፣ ግን ሌላ ነው፣ ኦዲት ያደረጋችሁትን ኮርስ በኋላ ክሬዲት አድርጉልኝ ብትሉ አይሆንም።

ማመልከቻ ከመላካችሁ በፊት ለአድሚሽኑና ለሬጅስትራሩ አንድ ኢሜይል ጻፉ። ከዚህ ትምህርት ቤት ይሄን ይሄን ኮርስ በዚህ አመት በዚህ ውጤት ወስጃለሁ፣ ትራንስክሪፕቱና ሲለበሱ ተያይዟል፣ ስንቱ ይቆጠራል፣ ለየትኛው ኮርስ፣ አድቫንስድ ስታንዲንግ ካለ ክሬዲት አለው ወይ፣ ዲግሪውን ለመጨረስ የተሰጠው ጊዜ ስንት አመት ነው በሉ። አድሚሽን ያለው ሰው ስልክ ላይ "አታስብ፣ አብዛኛው ይቆጠርልሃል" ይላችኋል፣ ስራው ማስገባት ነው፣ አልፈርድበትም። የሚወስነው ሬጅስትራሩ ነው። የሬጅስትራሩ መልስ በጽሁፍ ኢሜይላችሁ ላይ እስኪገባ ድረስ ዲፖዚት አትክፈሉ።